ያገለገለ ገመድ

ጅቡቲ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ይማርሽ፣ ብልባላ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አያውቁኝም፤ ሰአዳ እባላለሁ። የሐራ ልጅ ነኝ፣ ከወልድያ ቁልቁል ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሐራ። ጅቡቲ ወደብ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ስሠራ ዓመታት ሆኑኝ። ስልክ ብሞክር ብሞክር በእናንተ በኩል አልገባ አለኝ፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ለአራጋው ሰጠሁት። አራጋው ጭነታችንን የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እርስዎ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ብለው ወልድያ ላይ ቃል የላኩበት ያው ሰው።

ዕቃዎ ደርሷል። እንዳይጨነቁ መጀመሪያ ይህን ልበል። ማርኮ የተባለ ሰው ከሰሜን ኢጣሊያ በስምዎ የላካቸው ሳጥኖች እዚሁ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ዝናብም ፀሐይም አይነካቸውም። ነገር ግን አልተለቀቁም፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰነዱ ላይ «ያገለገለ የስፖርት ዕቃ» ይላል። ፍተሻ ላይ ያሉት ሰዎች ኳስና ማሊያ ጠብቀው ሳጥኑን ሲከፍቱ ያገኙት ገመድ፣ ሄልሜት፣ የሚቆለፍ የብረት ቀለበት፣ በወገብና በጭን የሚታሰር ቀበቶ ነው። ዘመኑን ያውቁታል። ድንበር ላይ ገመድና ሄልሜት ያየ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ስፖርትን አይደለም። «ይህ የምን ጨዋታ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላውቅም አልኳቸው።

እባክዎን ዕቃው ለምን እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚጠቀምበት ይጻፉልኝ። ከትምህርት ቤትዎ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ያለው ወረቀት ቢጨመርበት ይበልጥ ይረዳል። ያለዚያ ሳጥኖቹ ወደመጡበት ይመለሱ ሊባል ይችላል።

እርስዎ የስፖርት አስተማሪ ነዎት? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁት።

አክባሪዎ
ሰአዳ

———

ብልባላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማላውቅሽ እህቴ ለሰአዳ

እንደምን ከርመሻል? የባሕሩ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት አለሁ። «እርስዎ» ያልሽኝን ግን እመልስልሻለሁ፤ የሐራ ልጅና የላስታ ልጅ «እርስዎ» ሲባባሉ ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። ደብዳቤሽ ከወልድያ እስከዚህ በእጅ በእጅ ሲተላለፍ መጥቶ፣ መጨረሻው ላይ ጨው ከጫነች አህያ ላይ ነው የተቀበልኩት።

የስፖርት አስተማሪ አይደለሁም፤ የማስተምረው አማርኛ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከብልባላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲሄዱ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ቀይ ዋሻ የምንለው ገደል አለ። በገደሉ ወገብ ላይ ሴት መነኮሳት የሚኖሩበት ዋሻ አለ። ወደዚያ የምታስወጣው አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች፣ የገደሉን ሆድ ታክካ የምትሄድ። ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ አላባራ ብሎ በከረመበት ሰሞን መንገዷ ከነድንጋይዋ ተገንድሳ ወረደች። ሌሎቹ መነኮሳት ለፍልሰታ ላሊበላ ወርደው ስለነበር ላይ የቀሩት አንዲት እማሆይ ብቻ ናቸው። እማሆይ አሰለች ይባላሉ።

ከዋሻው አፍ እስከ ታች የሚደርስ አሮጌ የጠፍር ገመድ አለ። በሱ ላይ ቅርጫት አስረን በሶና ቆሎ እናኖራለን፣ እሳቸው ከላይ ይስቡታል። ውሃ ከዋሻው ጣሪያ ይንጠባጠብላቸዋል። ጠፍሩ ቅርጫት ይችላል እንጂ ሰው አይችልም። ከላይ ከአምባው ሜዳ እንውረድ ብንል ገደሉ እንደ ቆብ ወደ ፊት አጎንብሷል፤ ያለን የቃጫ ገመድ ሁሉ ቢቀጣጠል አያደርስም፣ ቢያደርስም የሚያምነው ሰው የለም።

የአጎቴ ልጅ ደግሰው፣ እንግዳ ሳይጠፋ፣ ቱሪስት ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣ አስጎብኚ ነበር። ማርኮ ያን ጊዜ የመጣ እንግዳ ነው። የሱ ስፖርት ገደል መውጣት ነው፤ እዚህ በቆየበት ወራት ደግሰውን የገመድ አያያዝ አስተማረው። መንገዱ ሲፈርስ ደግሰው ኔትወርክ ወዳለበት ወርዶ ነገሩን ጻፈለት፤ ማርኮም ከክበቡ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን ሰብስቦ ላከልን። በእኔ ስም ያደረገው የትምህርት ቤቱ ማኅተም ድንበር ላይ ይረዳል ብሎ ነው። «ያገለገለ» የሚለው ቃል ደግሞ እኛ ዘንድ አያሳፍርም፤ የአባቴ ወገኖች የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፣ የሚከበሩትም ባገለገሉበት ዘመን ልክ ነው።

እማሆይ ምንም አልጎደለኝም ይላሉ። ይጸልያሉ፣ ጥቂት ይበላሉ፣ ከታች ሆነን ስንጠራቸው ድምፃቸውን ያሰሙናል። ነገር ግን መንገዱ ሲናድ የዋሻውን አፍ ይዞት ስለሄደ ነፋሱ በቀጥታ ይገባል፤ ብርድ አትችልም። ስለዚህ እህቴ፣ የምትችይውን ሁሉ አድርጊልን።

የደብሩንና የትምህርት ቤቱን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ።

ይማርሽ

———

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይማርሽ

ወረቀቱ ሲደርስሽ በዓሉ ቢያልፍም እንኳን ለገና አደረሰሽ። እሺ፣ «አንቺ» ብዬሻለሁ።

ማኅተም ያለባቸውን ወረቀቶች አስተርጉሜ አቀረብኩ፤ አልበቃም። የፍተሻው ኃላፊ ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን ደጋግመው ካነበቡ በኋላ፣ «ማኅተም አየሁ፤ ስፖርት ግን አላየሁም» አሉኝ። ስቀው አልነበረም የተናገሩት። ስማቸውን ከወረቀቱ ሥር ሊያኖሩ ነውና በዓይናቸው ማየት ፈለጉ።

ማርኮን በስልክ አገኘሁት፣ እዚህ ኔትወርክ አለ። በምስል እየተያየን ቀበቶው እንዴት እንደሚታጠቅ፣ ገመዱ እንዴት እንደሚቋጠር አሳየኝ። ከዚያ ከመጋዘኑ ሠራተኞች የሚሰቀል ሰው ጠየቅሁ። ማንም እሺ አላለኝም። ሐምዳን የሚባል የባቲ ልጅ፣ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ እኔ ከባድ ነኝ ብሎ ሸሸኝ። ስለዚህ ራሴ ታጠቅሁ። በቀሚሴ ውስጥ ሱሪ ለበስኩ፣ ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ፣ ሄልሜቱን በላዩ ደፋሁ።

ቀበቶውን ስታጠቅ አንድ ነገር ልብ አልኩ። በወገቡ በኩል የጨርቁ ቀለም ለቋል፤ ባለቤቱ ስንት ጊዜ ተንጠልጥሎበት ይሆን? በስንት ገደል? እስከዚያ ቀን ድረስ ያገለገለ ማለት ያረጀ ማለት ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሥራዬ ስንት ያገለገለ ልብስ፣ ስንት ያገለገለ ጎማ አሳልፌያለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው። ይህን ታጥቆ የወጣው ሰው ወርዶ ቤቱ ገብቷል። ካልሆነማ ዕቃው እኔ ዘንድ ባልደረሰ ነበር። ሳላውቀው ቀበቶውን ሳምኩት፤ ዳቦ ከመሬት አንስተን እንደምንስመው።

ገመዱን በጣሪያው ብረት ላይ አሳልፈው እነሐምዳን ሳቡ። እግሬ ሲሚንቶውን ሲለቅ ቢስሚላህ አልኩ። እንዴት ልንገርሽ ይማርሽ! በሕይወቴ ሙሉ ምድር ላይ ቆሜ ምድር እንደተሸከመችኝ አስቤ አላውቅም። ያኔ ግን ከጣቴ የማይወፍር ነገር፣ አይቼው የማላውቀው ሰው የሠራው፣ አይቼው የማላውቀው ሰው የላከው፣ እኔን ሙሉ በሙሉ ያዘኝ። ከፍ ስል መጋዘኑ ጸጥ አለ። ወደብ መቼም ዝም አይልም፤ ያን ጊዜ ግን ሸክም ያነሱት ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው ወደ ላይ ያዩ ነበር።

ሽማግሌው ተጠግተው ገመዱን በመዳፋቸው ያዙት። መንቀጥቀጤ በገመዱ ወርዶ እጃቸው ላይ ሳይደርስ አልቀረም፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሴትዮዋ ያሉበት ከዚህ ከፍ ይላል?»

«በጣም» አልኳቸው።

«አውርዷት» አሉና ፈረሙ።

አሁን የቀረው ተራ ጠብቆ መጫንና የድንበሩ ፍተሻ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካስከፋሁሽ ይቅር በይኝ። ስለ እማሆይ ስትጽፊ «ይጸልያሉ፣ ይበላሉ» ስትዪ ቆይተሽ አንድ ቦታ ላይ «ብርድ አትችልም» አልሽ። አንቱ ሲባል የቆየ ሰው በድንገት አንቺ የሚሆነው እናት ሲሆን ነው።

ሰአዳ

———

ብልባላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰአዳ

አዎ፣ እናቴ ናት።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደህና ነሽ ወይ? ስለኛ ስትይ የተሰቀልሽውን ለቄሱም ለገበሬውም አነበብኩላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ቆባቸውን አንስተው ሰሙ። ደግሰው እንኳን፣ ለገመድ የማይደነቀው፣ ደብዳቤውን ተቀብሎ እንደገና ለራሱ አነበበው።

ለምን አልነገርሽኝም ለሚለው፦ አባቴ መሪጌታ ነበር። እሱ ሲያርፍ እናቴ ቆብ ጭና ወደ ቀይ ዋሻ ወጣች። ሰው ሲመነኩስ ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራልና፣ ከዚያ በኋላ የኔ ብቻ አልነበረችም። እናቴ ናት ብዬ መለመን ከሌሎቹ ነጥቄ መውሰድ መሰለኝ። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚካኤል ትወርድልኝ ነበር፤ እኔ ግን ወጥቼ አላውቅም። መንገዷን ከታች ሆኜ ቀና ብዬ ሳያት እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከፍታ አልችልም።

አሁን ሌላም ነገር አለ፣ መጻፉ ቢከብደኝም። ከጥምቀት ዋዜማ ጀምሮ ቅርጫቱ አልተሳበም። ያስቀመጥንበት ቦታ እንዳለ ነው፤ በሶውን ወፍ በልቶታል። እንጠራለን፣ መልስ የለም። ድምፄ እስኪዘጋ ጠርቼያለሁ። ትናንት ካህናቱ ተሰብስበው ፍትሐት ይደረግላቸው ወይስ ይቆይ ብለው ሲነጋገሩ ዋሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ገመዱ እስኪመጣ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። ታገሡኝ። ግን የተያዩበትን ዓይን አይቻለሁ።

ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ፣ ለማጽናናት ብለሽ አትጻፊ። ይህ ገመድ ሰው ይችላል? የሚወርድበት ደግሰው ነው። ሚስቱ ሰገነት ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እናቴን ለማግኘት ብዬ ያንን ሕፃን አባት ባሳጣው ምን እሆናለሁ?

ይህን የያዘው ሰው እየሮጠ ነው የሚሄደው።

ይማርሽ

———

ገላፊ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይማርሽ እህቴ

ይህን የምጽፍልሽ ድንበሩ ላይ፣ የአራጋው መኪና ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ደብዳቤሽን አንብቤ ቢሮ መቀመጥ አልሆነልኝም። ተራ እስኪደርስ አልጠበቅሁም፤ ለምኜም ተጣልቼም ሳጥኖቹን አስጭኜ አብሬ መጣሁ። ከቢሮ ምን እንዳሉኝ አሁን አትጠይቂኝ።

የጠየቅሽኝን ለማርኮ በቃልሽ ነገርኩት፣ ስለ ሕፃኑም ጭምር። ሁለቱ ገመዶች ላይ ቀይ ጨርቅ እንዳሰረ፣ እነሱ ለዕቃ እንጂ ለሰው እንደማይሆኑ ነገረኝ። ስለ ቀሩት ስጠይቀው፣ «ልጄን አስሬባቸዋለሁ» አለ። ለደግሰው ይህንኑ እንዳለ ንገሪው። ቀዮቹን አይቼአቸዋለሁ፣ ጨርቁ በደንብ ታስሯል፣ አይሳሳትም።

እዚህም ሳጥኑ ተከፈተ። እንደገና ለመሰቀል ተዘጋጅቼ ነበር፤ የሚሰቀልበት ቦታ ግን የለም፣ ዙሪያው ሜዳና ድንጋይ ነው። ተቆጣጣሪው ወጣት ልጅ ነው። ወረቀቶቹን አየ፣ ያንቺን የመጀመሪያ ደብዳቤም ሰጠሁት፣ ቆሞ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ሴትየዋ አሁንም እዚያ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ቅርጫቱ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ አዎ፣ እዚያ ናቸው አልኩት። አራጋው ሳጥኖቹን መልሶ ሲጭን እሱም አብሮት አነሳ።

ከዚህ ወዲያ እኔ ማለፍ አልችልም፤ የያዝኩት ወረቀት እስከ ድንበሩ ብቻ ነው። አራጋው ሐራ አባቴ ቤት ያደርሳቸዋል። አባቴ ሙሄ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ እሱ ያውቃል። እናቴ ጀውሀራም ዱዓ እንድታደርግ ልኬባታለሁ፤ የሷ ዱዓ ቶሎ ይደርሳል ይላሉ ጎረቤቶቻችን።

አይዞሽ ብዬ አልጽፍልሽም፣ ለማጽናናት አትጻፊ ብለሻል። ግን ዛሬ መኪናው ድንበሩን ሲያልፍ ቆሜ አየሁት። የኢጣሊያ ተራራ ላይ የነበረ ገመድ በጅቡቲ ባሕር መጥቶ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ፣ ወደ አንድ ዋሻ ሊወጣ ይጓዛል። ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬደው ጌታ ለከንቱ ያስኬደዋል ብዬ ማሰብ አቃተኝ።

ሰአዳ

———

ቀይ ዋሻ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰአዳ

በሕይወት አለች።

ይህን የምጽፍልሽ ከዋሻው ውስጥ፣ ከአጠገቧ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ በቅርጫት ይወርዳል። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አባትሽ መንገዱ ተዘግቶ ቢያገኘው ሳጥኖቹን በግመል ጭኖ ራሱ ወልድያ አደረሳቸው፤ ከዚያ ሽቅብ በበቅሎ መጡ። የያዙት ሰዎች አንድ ቃል ተቀብለው ነበር፤ «የሰው እናት ናት፣ አታሳድሩት» ብሏቸዋል። የትም ሳያሳድሩት መጡ።

ደግሰው ገመዶቹን ዘርግቶ ጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። ማርኮ ያለውን ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ከአምባው ላይ አንድ ትልቅ ወይራ አለ፣ ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ የያዘ። ገመዱን በሱ አሰረ፣ ዲያቆናቱና ገበሬዎቹ ተደርድረው ያዙ። ሰገነት አልቅሳ ትከለክለዋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቀበቶውን ፈትሻ አጠበቀችለት። ከገደሉ ከንፈር ሥር ወርዶ ከዓይን ተሰወረ። ቆይቶ ድምፁ ከታች መጣ። «አሉ! ሴት ላኩ!»

የእማሆይ እግር ወልቆ ነበር፤ ታጥቦና ታሽቶ መታሰር አለበት። የመነኩሲት ገላ ወንድ አይነካም። ሰገነት ነፍሰ ጡር ናት፣ ከላሊበላ የተመለሱት መነኮሳት አሮጊቶች ናቸው። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከፍታ እንደማልችል የማያውቅ አልነበረም። ሰገነት ቀበቶውን ይዛ መጣች፤ እጄን አነሳሁላት።

ስወርድ ዓይኔን ልጨፍን አስቤ ነበር። ገደሉ አጎንብሷልና ከከንፈሩ እንዳለፍኩ እግሬ የሚረግጠው ጠፋ፣ በአየር ላይ ቀረሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ በራሱ ተከፈተ። ላስታ በሙሉ ከእግሬ ሥር ነበረች። የተወለድኩበት አገር፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የአባቴ መቃብር፣ ሁሉም መዳፍ ላይ እንደተበተነ እህል። ጥንብ አንሳ ከእኔ በታች ሲያልፍ ጀርባውን አየሁት። የአሞራ ጀርባ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ከታች የሚያየው ሆዱን ነው። ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ አልጠፋም፣ ግን የሚገባበት ቦታ አላገኘም።

ዋሻው ውስጥ ሰው አልነበረም። ደግሰው በጣቱ ወደ ጎን አሳየኝ።

ሰአዳ፣ ከዋሻው አፍ በስተግራ፣ የገደሉ ሆድ ከሚጋርደውና ከታች ከማይታየው በኩል፣ ደረጃ አለ። ከራሱ ከቀዩ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ቁልቁል የሚወርድ። የድሮዋ መንገድ ዓይነት ጠባብ አይደለም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይሄድበታል። በግድግዳው በኩል የእጅ መያዣ ተፈልፍሎለታል። ደረጃዎቹን አልቆጠርኳቸውም፤ መቁጠር ድፍረት መሰለኝ። እናቴ በመጨረሻው ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ስባሪ ዲጅኖ አለ፣ ድሮ ዋሻውን ያደሱ ሰዎች የተዉት። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ቀይ አቧራ ለብሷል።

ከነሐሴ ጀምሮ ስትፈለፍል ነበር። እኛ ከታች ሆነን ጠጠር ሲወርድ ባየን ቁጥር ገደሉ ገና እየፈረሰ ነው እያልን እንሸሽ ነበር። በጥምቀት ሰሞን እግሯ ተንሸራቶ ወለቀ፣ ወደ ቅርጫቱ መመለስ አቃታት። ይዛው በነበረው ቆሎ፣ ከድንጋዩ በሚንጠባጠበው ውሃ ቆየች። ድምጿን አቧራው ዘግቶታል። ስጠራት ሁሉ ትሰማኝ ነበር፣ ሁልጊዜም መልሳልኛለች፤ ለእኔ ግን አልደረሰኝም።

ስታየኝ ወደ ላይ፣ የመጣሁበትን ገመድ አየች። ከዚያ እኔን። በሹክሹክታ፣ «ከላይ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«እኔ ከታች ስጠብቅሽ።»

እግሯን አጠብኩ። እጇን ሳጥብ መዳፏ ከድንጋዩ የሚለይ አልነበረም። ቀስ ብለን ወደ ዋሻው መለስናት። በገመዱ እናውርድሽ ብንላት እምቢ አለች። እንግዲያ ይህን ሁሉ የፈለፈልሽው ለመውረድ አይደለም ወይ አልኳት።

«እኔ ልወርድበት መች ብዬ» አለች። «ሰው ይወጣበታል ብዬ ነው እንጂ።»

እግሯ እስኪጠና አብሬያት ነኝ። ትምህርት ቤቱ ፈቅዶልኛል። ጠዋት ተነስቼ ደረጃው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ምንም አላስብም፣ ዝም ብዬ አየዋለሁ። አሁን ደግሞ ንገሪኝ፣ ከቢሮ ምን አሉሽ?

ይማርሽ

———

ጅቡቲ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይማርሽ እህቴ

«በሕይወት አለች» የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ቀሪውን ለማንበብ ዓይኔን ስንቴ እንደጠረግሁ አልነግርሽም። ደብዳቤሽን መጋዘኑ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሐምዳን ወደ ፈረንሳይኛ እየመለሰ ለሽማግሌው ይነግራቸው ነበር። ደረጃው ላይ ስንደርስ አላመኑም፣ እንደገና አንብቢው አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። ቁጭ አሉ። እናቷ በስንት ዓመታቸው ነው አሉ፤ አላውቅም አልኳቸው። ሲሄዱ ቀን ሙሉ ይዘውት የሚውሉትን መቁጠሪያ ለእማሆይ ላኪላቸው ብለው እጄ ላይ አኖሩት። ሶላት ላይ እንዳይቸገሩ መልሼ ልሰጣቸው አልኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ከቢሮው አሰናብተውኛል። ሳያስፈቅዱ ድንበር መሄድ ደንቡ አይፈቅድም፣ አልተበደልኩም። አሁን መጋዘኑ ራሱ ቀጥሮኛል፤ ሽማግሌው ናቸው የተናገሩልኝ። ስለዚህ አትዘኚ፣ ይቅርታም አትጻፊልኝ።

በአራጋው እጅ መሮና መዶሻ ልኬያለሁ። ሠራተኞቹ አዋጥተው ነው የገዙት። አዲስ ናቸው፣ ገና አላገለገሉም፤ እናንተ ዘንድ ያገልግሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ረመዳን ካለፈ በኋላ ሐራ ወላጆቼን ልጠይቅ እመጣለሁ። እንደኔ ያለች ሴት፣ የእስላም ልጅ፣ ወደዚያ መውጣት ይፈቀድላታል? ካልተፈቀደ ከታች ቆሜ ባየው ይበቃኛል። እውነቱን ንገሪኝ።

ሰአዳ

———

ብልባላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰአዳ

እንኳን ለኢዱ አደረሰሽ፤ እኛም ፋሲካን በሰላም ዋልን። የሽማግሌው መቁጠሪያ በእማሆይ መቋሚያ ላይ ተንጠልጥሏል። መሮዎቹ ግን ያላገለገሉ አይደሉም፤ አሁን ብታዪአቸው አታውቂያቸውም።

ሰው ሁሉ ወጣ። ደግሰው ከላይ እያሰረ ከላይ እያወረደ፣ ገበሬው ከእርሻው፣ ዲያቆኑ ከቅዳሴው፣ በየተራ እየታጠቀ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ደረጃውን ከታች ወደ ላይ መፈልፈል ያዘ። ከሜዳው ሆነሽ ስታያቸው ቢጫና ሰማያዊ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ቀዩ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው፣ መዶሻው ሲያስተጋባ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ፣ እኛ ይህን ሥራ መላእክት ናቸው ሲሠሩት ያደሩት ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፣ ለካ ሰውም ይችላል አለኝ። ደግነቱ ገመድ አልተበጠሰም፣ ሰውም አልወደቀም። ለማርኮ ይህን ንገሪው፤ ልጁንም ሰላም በዪልኝ። ሰገነት በፋሲካ ማግስት ሴት ልጅ ተገላገለች።

እማሆይ እግሯ ድኖ ከላይ ትፈለፍላለች። ድምጿ ከሹክሹክታ አይዘልም፤ ስለዚህ የምታዘው በመዶሻው ነው፣ ስትመታ ያውቃሉ። ከላይ የመጣውና ከታች የመጣው ሊገናኝ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ።

አንቺ የጠየቅሽኝን ለካህናቱ አቅርቤ ነበር። ዋሻው የእማሆይ ነው፣ እሷን ጠይቂ አሉኝ። ለእማሆይ ነገርኳት። መጋዘን ውስጥ እንዴት እንደተሰቀልሽ፣ ሻሽሽን እንዴት እንዳሰርሽ፣ እግርሽ ምድር ሲለቅ ያልሽውን ሳይቀር አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ከዚያ ስምሽን ጠየቀችኝ፤ ሦስቴ ደግማ አለችው፣ እንዳይጠፋት። መልስ ግን አልሰጠችኝም ነበር።

መልሱን ያየሁት በማግስቱ ነው። ሁለቱ ደረጃዎች ሊገናኙ አንድ ብቻ ሲቀር፣ ደግሰው መሮውን አንስቶ ሊመታ ሲል እማሆይ ክንዱን ያዘችው። «ይኼ የሰአዳ ነው» አለች። ከመሬትም ከዋሻውም እኩል በሚሆነው ቦታ ላይ፣ ለአንድ እርምጃ የሚሆን ድንጋይ ሳይነካ ቀረ። መሮና መዶሻሽ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ነይ። ሐራ ድረስ ደግሰው በቅሎ ይዞ ይመጣል። እስከዚያው መነኮሳቱ ውሃ ይዘው፣ ቄሱ መስቀሉን ይዞ፣ እኔም በየእሁዱ እናቴ ዘንድ ስወጣ፣ ያቺ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ቀሚሳችንን ሰብስበን እየተሻገርናት ነው የምናልፈው።

ይማርሽ